አንድ ሴረም፣ ሁለት ካርታ፦ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ዳሰሳ የሴሌኒየምና የዚንክ ልኬት የጉዳይ ጥናት

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ብሔራዊ የማይክሮ ንጥረ ምግቦች ዳሰሳ ሲያካሂድ፣ በወቅቱ ከነበሩት ዘጠኝ ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች የሕፃናት፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች፣ በወሊድ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሴቶችና የወንዶች ደም ተሰበሰበ። የዳሰሳው ቀዳሚ ትኩረት እንደ ቫይታሚን ኤ፣ ብረት፣ አዮዲንና ዚንክ ባሉት ላይ ነበር። ከምርመራ የተረፈው ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ ተለይቶ የሚቀረው ፈሳሽ) ግን አልተጣለም። በማቀዝቀዣ ተጠብቆ ቆይቶ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ከኢንስቲትዩቱ ጋር በተባበሩበት «ጂኦኒውትሪሽን» በተሰኘው ፕሮጀክት ውስጥ እንደገና ወጣና፣ የ3,269 ሰዎች ሴረም ለሴሌኒየም፣ የ3,373 ሰዎች ሴረም ደግሞ ለዚንክ ተለካ። የሴሌኒየሙ ውጤት በ2020፣ የዚንኩ በ2021 ታተመ።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ድጋሚ ልኬት ነው። ጉዳዩ ልዩ ትኩረት የሚሻው ሁለቱ ማዕድናት ከአንድ ዳሰሳ ሴረም፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ተለክተው ሳለ ያስገኙት ካርታ ፍጹም የተለያየ በመሆኑ ነው። የሴሌኒየሙ ቁጥር በዋናነት ስለ መሬቱ ይናገራል፤ የዚንኩ ቁጥር ግን ስለ ምግቡ ከመናገሩ በፊት ደሙ ስለተቀዳበት ሰዓት፣ ሰውየው በዚያ ሰሞን ስለነበረበት ሕመምና አጥኚው ስለመረጠው የመለያ መስመር፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እጥረት አለበት ስለሚባልበት መጠን፣ ይናገራል። ስለዚህ «ይህን ያህል ከመቶ እጥረት አለበት» የሚሉትን ሁለቱን ውጤቶች በእኩል እምነት መቀበል ተገቢ አይደለም፤ የሁለቱም ስሌት በየራሱ መንገድ መነበብ አለበት።

ከክንድ እስከ መሣሪያ

በደም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናትን መለካት ከሌላው የላቦራቶሪ ሥራ የሚከብደው፣ የሚለካው ነገር በአካባቢያችን ሁሉ ስለሚገኝ ነው። የደም ስኳር የሚለካ ባለሙያ ስለ አቧራ እምብዛም አይጨነቅም። ዚንክ የሚለካ ባለሙያ ግን የቱቦውን የጎማ ክዳን፣ የጓንቱን ዱቄት፣ መርፌውን፣ ሴረሙ የተቀዳበትን ብልቃጥ፣ በገጠር ጤና ኬላ በር የሚገባውን የአፈር ብናኝ ሳይቀር መጠርጠር ግዴታው ነው። ለዚህ ሥራ ከማዕድናት የጸዳ መሆኑ የተረጋገጠና አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀይ የደም ሴሎች ከሴረሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ዚንክ ስለሚይዙ፣ ደሙ በኃይል ተስቦ ሴሎቹ ከፈነዱ ወይም ሳይለይ ለረጅም ሰዓት ከቆየ የሴረሙ ዚንክ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ክንድ ላይ የታሰረው ማሰሪያ ሳይፈታ ሲቆይም እንዲሁ ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሕተቶች አንድ ጠቃሚ ነገር መረዳት ይቻላል። ሁሉም የዚንክን ቁጥር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይገፉም። ስለዚህ አንድ የመስክ ዳሰሳ ዝቅተኛ ዚንክ ሲያገኝ «ናሙናው ተበክሎ ይሆናል» የሚለው የተለመደ ጥርጣሬ ውጤቱን አያፈርሰውም፤ ብክለት ቢኖር ኖሮ እጥረቱን ይሸፍነው ነበር እንጂ አይፈጥረውም። ሴሌኒየም በዚህ በኩል ይበልጥ ታጋሽ ነው። በቱቦና በጓንት ላይ ያን ያህል አይገኝም፤ በሴረምና በቀይ ሴሎች መካከል ያለው ልዩነትም እንደ ዚንኩ የሰፋ አይደለም።

ናሙናው ለዓመታት በማቀዝቀዣ መቆየቱ ብዙ አንባቢ የሚያነሳው ሌላው ጥያቄ ነው። ቫይታሚን ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ከባድ ይሆን ነበር፤ ዚንክና ሴሌኒየም ግን ንጥረ ነገሮች ናቸውና አይበሰብሱም። ሊያሰጋ የሚችለው ክዳኑ በሚገባ ካልተዘጋ የሴረሙ ውኃ ቀስ በቀስ ተንኖ የቀረውን ማዕድን ማጥበቁ ነው፤ ይህም እንደ ቀደሙት ሁሉ ቁጥሩን ወደ ላይ የሚወስድ ነው።

ልኬቱ የተሠራበት መሣሪያ የአርጎን ጋዝን በሺዎች በሚቆጠር ዲግሪ አግሎ ፕላዝማ የሚያደርግና፣ በዚያ ውስጥ የተረጨውን ሴረም ወደ አየኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ወደያዙ አተሞች) ከበታተነ በኋላ እያንዳንዱን በክብደቱ የሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። እዚህ ላይ ሴሌኒየም የራሱ ወጥመድ አለው። በተፈጥሮ በብዛት የሚገኘው የሴሌኒየም ዓይነት ክብደቱ 80 ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ክብደታቸው 40 የሆነ ሁለት የአርጎን አተሞች ሲጣመሩም 80 ስለሚሆኑ፣ መሣሪያው ራሱ የሚጠቀምበትን ጋዝ እንደ ሴሌኒየም ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ አየኖቹ ወደ መለያው ከመድረሳቸው በፊት እንደ ሃይድሮጅን ያለ ጋዝ ባለበት ክፍል አልፈው የአርጎኑ ጥንድ እንዲፈርስ ይደረጋል፤ በ80ው ፈንታ 78 ክብደት ያለውን ሴሌኒየም መቁጠርም የተለመደ ነው። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ማመሳከሪያ ሴረም በየመካከሉ እየተለካ ካልተረጋገጠ ደግሞ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ውጤቱ እምነት ሊጣልበት አይገባም።

ሴሌኒየም፦ ከመሬቱ ጋር የሚሄድ ቁጥር

የሴሌኒየሙ ውጤት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲታይ እምብዛም አያስደነግጥም። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቢደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው ሰው በአንድ ሊትር ሴረም 87.7 ማይክሮግራም ነበረው። ከ70 ማይክሮግራም በታች የሆነ ሁሉ እጥረት አለበት ተብሎ ሲቆጠር፣ ከሕዝቡ 35.5 ከመቶው በዚያ ውስጥ ወደቀ። ነገር ግን አገር አቀፉ ቁጥር እዚህ ላይ ከሚገልጠው የሚሸፍነው ይበልጣል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የመሃለኛው ሰው መጠን 54.6 ነበር። በወቅቱ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በነበረውና በአፋር ደግሞ 122 ደረሰ። ከመሃለኛው ይልቅ ግን የዳርና ዳሩን ቁጥር ማስተያየት የበለጠ ያስተምራል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከአራት ሰዎች የሦስቱ መጠን ከ66.3 በታች ነበር፤ በከፍተኛዎቹ ክልሎች ደግሞ ከአራት ሰዎች የሦስቱ ከ105 በላይ ነበር። ይህ ማለት በአንደኛው ወገን ሻል ያለ ሴሌኒየም አለው የሚባለው ሰው እንኳ በሌላኛው ወገን ዝቅተኛ ከሚባለው ሰው በእጅጉ ያንሳል። በአንድ አገር ውስጥ የሚኖሩ፣ በአንድ ዳሰሳ የተለኩ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ማዕድን ይህን ያህል ተራርቀው መገኘታቸውን በግለሰብ የአመጋገብ ምርጫ ማስረዳት አይቻልም።

ተመራማሪዎቹ ነጥቦቹን በካርታ ላይ በስታቲስቲክስ ሞዴል ሲያያይዟቸው ሥርዓት ያለው ሥዕል ወጣ። ሰሜን ምሥራቁ፣ ምሥራቁና የስምጥ ሸለቆው ተከታታይ ቦታዎች ከፍ ሲሉ፣ ሰሜን ምዕራቡና ምዕራቡ ዝቅ አሉ። ይህንን ሥዕል የሚያብራራው አፈሩ ነው። ዝናብ በብዛት በሚጥልበት፣ ለረጅም ዘመን በታጠበና አሲዳማ በሆነ አፈር ውስጥ ያለው ሴሌኒየም የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች አጥብቀው ስለሚይዙት ሥሩ አያገኘውም። ዝናብ በሚያንስበትና አፈሩ ወደ አልካላይን በሚያዘነብልበት ስፍራ ግን ሴሌኒየሙ በውኃ ውስጥ በቀላሉ በሚሟሟ መልክ ስለሚገኝ ወደ ተክሉ ይገባል። ከተክሉ ወደ እህሉ፣ ከእህሉ ወደ እንጀራው፣ ከእንጀራው ወደ ደሙ ነው። ተክሉ ለራሱ ዕድገት ሴሌኒየም የግድ ስለማያስፈልገው ማሳው ለምለም ሆኖ፣ ምርቱም አመርቂ ሆኖ፣ እህሉ ግን ከዚህ ማዕድን ባዶ ሊሆን ይችላል። ገበሬ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ጉድለት ነው።

ይኸው ቡድን የእህል ናሙናዎችን ከየማሳው ሰብስቦ በ2021 ያወጣው ውጤት ሰንሰለቱን ከሌላኛው ጫፍ አረጋገጠ። በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ውስጥ ያለው የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ በሰፊው ይለያያል፤ የሴቶች የደም ሴሌኒየምም በአካባቢያቸው ከሚበቅለው እህል ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጤፍ በጥቅሉ ከበቆሎ የተሻለ ማዕድን ይዞ ቢገኝም፣ የእህሉ ዓይነት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ በአሲዳማ መሬት የበቀለ ጤፍ በስምጥ ሸለቆ ከበቀለው ጤፍ ጋር ስሙን እንጂ ሴሌኒየሙን አይጋራም። የራሱን ምርት የሚበላ የገጠር ቤተሰብ ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ከየአቅጣጫው የመጣ እህል የሚሸምት ከተሜ ጉድለቱና ትርፉ ይቻቻልለታል። የተወለደበትን ምዕራብ ኢትዮጵያ ለቆ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ደግሞ፣ የዚያ አገር ሕዝብ የሴረም ሴሌኒየም በአማካይ ከ120 ማይክሮግራም በላይ ነውና፣ ምንም ኪኒን ሳይውጥ በዳቦውና በሥጋው ብቻ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

ለዚህ መሰሉ ሥዕል ከውጭ የሚጠቀሱ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የቻይናው ነው። በሄይሎንግጂያንግ ግዛት ኬሻን በተባለው አውራጃ በ1935 የታወቀውና በአውራጃው ስም የተጠራው የልብ ጡንቻ በሽታ፣ አፈሩና እህሉ በሴሌኒየም እጅግ ደሃ ከሆነበት የመሬት ቀበቶ ጋር መያያዙ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ተደረሰበት። ሁለተኛው የፊንላንድ ነው። ያች አገር በ1984 ሴሌኒየም በማዳበሪያ ውስጥ እንዲጨመር ወስና፣ የሕዝቡን የደም ሴሌኒየም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግልጽ ከፍ አደረገች፤ ደሙንና እህሉን እየለካችም የሚጨመረውን መጠን ደጋግማ አስተካከለች። የኢትዮጵያው ቁጥር ኬሻን ላይ ከታየው እጅግ አስከፊ ዝቅታ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በዚህ ረገድ ማጋነን ጉዳዩን ይጎዳዋል።

የ70 ማይክሮግራሙ መስመርም ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሴረም ውስጥ ያለው ሴሌኒየም አብዛኛው የሚገኘው ሴሌኖፕሮቲን ፒ እና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ በሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ሥራውን የሚሠራው የሴረሙ መጠን ከ70 እስከ 90 ማይክሮግራም አካባቢ ሲደርስ ነው፤ የመጀመሪያው ግን እስኪሞላ ከ110 በላይ ይፈልጋል። መስመሩ ወደ 88 ቢጠጋ ኖሮ የመሃለኛው ሰው ራሱ መስመሩ ላይ ስለሚቆም እጥረቱ በአንድ ጊዜ ከ35.5 ወደ 50 ከመቶ ይዘል ነበር። ሆኖም መስመሩን የፈለግነው ቦታ ብናደርገው የካርታው ቅርጽ አይለወጥም፤ ምዕራቡ ምዕራብ፣ ምሥራቁም ምሥራቅ ሆኖ ይቀጥላል። የሴሌኒየሙን ውጤት ጠንካራ የሚያደርገው በእኔ ግምት ይህ ነው።

ከአዮዲን ጋር ያለው ግንኙነት አንድ አንቀጽ ይገባዋል። የእንቅርት ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ጨውን ነው። ነገር ግን የታይሮይድን ሆርሞን ወደሚሠራው መልኩ የሚለውጡት ኢንዛይሞች ሴሌኒየም የያዙ ናቸው። አዮዲን የሚለካው በደም ሳይሆን በሽንት ስለሆነ ሁለቱ ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ሰንጠረዥ ተለያይተው ይቀራሉ፤ በምዕራቡ ክፍል ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባቸዋል።

ዚንክ፦ ሰዓት፣ ሕመምና መስመር

የዚንኩ ውጤት ከሴሌኒየሙ ይልቅ ያስደነግጣል። የመሃለኛው ሰው መጠን በአንድ ዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) 57.5 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ ከሕዝቡም 72 ከመቶው እጥረት እንዳለበት ተገመተ። የዳሰሳው የመጀመሪያ ሪፖርት የዚንክ እጥረትን በአንድ ሦስተኛ አካባቢ ካስቀመጠው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። አገሩ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ዳሰሳውም አንድ ነው።

እንዲህ ላለው ርቀት በር የሚከፍተው የዚንክ የራሱ ጠባይ ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ሁለት ግራም ያህል ዚንክ ሲኖር፣ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወረው ከዚያ አንድ ሺሕኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ጥቂት መጠን በምግብ፣ በሰዓትና በሕመም ይንቀሳቀሳል። ከምግብ በኋላ ይወርዳል፤ ከጠዋት ይልቅ ከሰዓት በኋላ ያንሳል። ዓለም አቀፉ የዚንክ ሥነ ምግብ አማካሪ ቡድን በዚህ ምክንያት አንድ መስመር አላወጣም። ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የጠዋቱ መስመር 65፣ የከሰዓቱ 57 ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ሴቶች በጾም ሆድ ጠዋት 70፣ በልተው ጠዋት 66፣ ከሰዓት 59 ነው። ለወንዶች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 74፣ 70 እና 61 ነው።

አሁን 57.5ን ከእነዚህ መስመሮች ጎን እናስቀምጠው። ከከሰዓቱ መስመሮች ጋር ሲነጻጸር እዚያው ድንበሩ ላይ ነው፤ ከጠዋቶቹ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከሁሉም በታች ነው። በሻካራ ስሌት፣ ሁሉም ሰው በከሰዓቱ መስመር ቢመዘን ኖሮ እጥረቱ ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር። ማንም ሰው አንዲት ሚሊግራም ዚንክ ሳይጨመርለት፣ የመዝገቡ ሰዓት ብቻ ተቀይሮ፣ ሚሊዮኖች ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የሕዝቡ ብዛት በመስመሩ ዙሪያ ሲታጨቅ ትንሽ የመሣሪያ መዛባትም ሆነ የማስተካከያ ዘዴ ልዩነት ትልቅ መቶኛ ያንቀሳቅሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን ወይም ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ፣ ነው። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲገጥመው ዚንክን ከደሙ ወደ ጉበት ይስባል፤ ስለዚህ ወባ ወይም ተቅማጥ ይዞት የከረመ ልጅ በምግቡ በቂ ዚንክ ቢያገኝ እንኳ ሴረሙ ዝቅ ይላል። ይህንን ለማስተካከል ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንና አልፋ-1 አሲድ ግላይኮፕሮቲን የተባሉ ሁለት የብግነት ምልክቶች አብረው ይለካሉ፤ የመጀመሪያው በሊትር ከ5 ሚሊግራም፣ ሁለተኛው ከ1 ግራም ሲያልፍ ብግነት አለ ይባላል። ማስተካከያው በተደረገ ጊዜ የእጥረቱ መቶኛ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ከላይ የተጠቀሰው 72 ከመቶ ብግነቱ ታሳቢ ከተደረገ በኋላ የተገኘ መሆኑ ክብደት ይሰጠዋል።

ካርታውም የሴሌኒየሙን አይመስልም። የዚንክ መጠን በአጭር ርቀት ውስጥ ይዋዥቃል፤ ተቀራራቢ ቀበሌዎች ይመሳሰላሉ፣ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ሲታለፉ ግን ተመሳሳይነቱ ይጠፋል። አገሪቱን ለሁለት የሚከፍል ምሥራቅና ምዕራብ የለም። ከአፈሩ በተጨማሪ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክን አስሮ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ፣ ሊጡ በሚገባ መቡካቱ፣ ሥጋ መበላቱና የልጁ ጤና ሁሉም የየራሳቸውን ድርሻ ይጨምራሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የመንግሥት ውሳኔ ላይ ያለው ጥያቄ ቀላል ነው። የዚሁ አማካሪ ቡድን መመዘኛ እጥረቱ ከ20 ከመቶ ካለፈ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ይላል። አንድ ሦስተኛም ሆነ 72 ከመቶ ሁለቱም ከዚያ በላይ ናቸው። ችግር መኖሩ አያከራክርም። የሚያሳስበው ወደፊት ለውጥን መከታተል ነው። ቀጣዩ ዳሰሳ 50 ከመቶ ቢያገኝ፣ ካለፈው ቁጥር የትኛው ጋር ተነጻጽሮ ተሻሻለ ወይም ባሰ ሊባል ነው?

ለግለሰብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጥብቅ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር በግል ላቦራቶሪ አንድ ጊዜ ተለክቶ ዝቅ ያለ የሴረም ዚንክ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ መቼ እንደተቀዳ፣ ቁርስ በልቶ እንደሆነና በሳምንቱ ታሞ እንደነበር ካልተጠየቀ በስተቀር ውጤቱ ብዙም አይነግረውም። ይህ ምርመራ ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ሕዝብን ለመመዘን ነው።

ኖራ፣ ማዳበሪያና ቀጣዩ ናሙና

ሁለቱ ካርታዎች የሚጋጩበት ቦታ መሬቱን ለማከም የሚደረገው ሥራ ላይ ነው። አሲዳማነት ባጠቃው ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ኖራ መጨመር ምርትን ለማሳደግ የሚበረታታ ተግባር ነው። ኖራ የአፈሩን አሲዳማነት ሲቀንስ የታሰረው ሴሌኒየም ለተክሉ እንዲለቀቅ ያግዛል፤ ዚንክ ግን በተቃራኒው አሲዳማነቱ በቀነሰ ቁጥር ለሥሩ ይከብደዋል። ስለዚህ የኖራን ውጤት በኩንታል ብቻ የሚለካ ፕሮግራም በእህሉ ውስጥ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረገ እንደሆነ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ዚንክ የተቀላቀለባቸው ማዳበሪያዎች በአገሪቱ ሥራ ላይ መዋላቸው ይህንን ሊያካክስ ይችላል። ሴሌኒየም ግን ከቅይጡ ውስጥ የለም።

ሴሌኒየምን በፊንላንድ መንገድ ለመጨመር የሚያስብ ሰው ካርታውን በእጁ ይዞ ማሰብ አለበት። የሚያስፈልገው የቀን መጠን ለአዋቂ 55 ማይክሮግራም ያህል ሲሆን፣ ከበቂው እስከ ጎጂው ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወይም ለምዕራብ ጎጃም ማሳ የሚጠቅም ቅይጥ ለአፋርና ለስምጥ ሸለቆ አያስፈልግም። መንግሥት በ2022 አስገዳጅ ያደረገው የስንዴ ዱቄት ማበልጸግም የራሱን ማሽላና በቆሎ በአቅራቢያው ወፍጮ ቤት የሚያስፈጭ ቤተሰብ ጋ በቀላሉ አይደርስም፤ ዝቅተኛው ሴሌኒየም ያለው ደግሞ በአመዛኙ እዚያው ነው።

ቀጣዩ ዳሰሳ ሲታቀድ የሚጨመረው ወጪ ከተገኘው ጥቅም አንጻር አነስተኛ ነው። ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና ሰውየው የበላበት ጊዜ በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ይመዝገብ፤ ሁለቱ የብግነት ምልክቶች ከዚያው ቱቦ ይለኩ፤ በ2015 የተለካው ሴረም ጥቂቱ ከአዲሱ ጋር በአንድ ቀን በአንድ መሣሪያ ይደገምና የሁለቱ ዓመታት ቁጥር በእርግጥ የሚነጻጸር መሆኑ ይታይ። ደም ከተቀዳበት ቤት ጎተራም አንድ እፍኝ እህል ይወሰድ፤ ለሴሌኒየም ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አይገኝም፣ ለዚንክ ደግሞ የእህሉ ድርሻ የት ላይ አብቅቶ የሕመሙና የፋይቴቱ ድርሻ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት ሌላ መንገድ የለም።